የያዮ ጫካ መለዋወጫ ዕቃችን ነው

74110 የስልክ ቁጥር እንዳይመስላችሁ፤ የቡና ዝርያ ስም ነው። እ.ኤ.አ. በ1971 የቡና ፍሬ በሽታ ኢትዮጵያ ውስጥ ታየ፤ ፍሬው ሳይበስል ዛፉ ላይ እየጠቆረ ይበላሽ ጀመር። ተመራማሪዎች በሽታውን የሚቋቋም ዛፍ ፍለጋ ደቡብ ምዕራብን አሰሱ። ከተመረጡት አንዱ የተገኘው መቱ አካባቢ፣ ቢሻሪ ከምትባል መንደር ነው። «74» የሚለው የተመረጠበትን 1974ን ያመለክታል። ዛሬ ይህ ዝርያ ጌዴኦና ሲዳማ ድረስ ይለማል።

አያችሁ? መሐንዲስ መለዋወጫ ሳይዝ በማሽን አይተማመንም። የቡና መለዋወጫችን ያለው ደግሞ እንዲህ ባሉ ጫካዎች ውስጥ ነው።

ከበደሌ ወደ መቱ ስትሄዱ የምታገኙት የያዮ የቡና ደን በ2010 ከከፋ ጋር በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራነት ተመዘገበ። ስፋቱ 167,021 ሄክታር ሲሆን በሦስት ቀጠና ይከፈላል። መሃሉ (27,733 ሄክታር) አይነካም። ዙሪያው (21,552 ሄክታር) ገበሬው በጥላ ሥር ቡና የሚለቅምበት ከለላ ነው። የቀረው 117,736 ሄክታር ማሳና መንደር ነው። አስሉት፤ ከመቶ 70 ያህሉ ሰው የሚኖርበት ነው! ስለዚህ «ጫካውን ከሰው እንጠብቅ» ማለት እዚህ አይሠራም።

አሁን ራሳችሁን በገበሬው ቦታ አስቀምጡ። ጫካ ቢመነጥር የዘንድሮ በቆሎ የእሱ ነው። ባይመነጥር ግን ጥቅሙ ለእኔ፣ ለእናንተ፣ ለዓለም ቡና ጠጪ ሁሉ ይዳረሳል፤ ወጪው እሱ ላይ ይቀራል። ቱሪዝም ከዚህ ወጪ ጥቂቱን መመለሻ መንገድ ነው።

ችግሩ፣ እንስራው ቀዳዳ አለው። ጎብኚው መኪናውን አዲስ አበባ ተከራይቶ፣ ምግቡን ቋጥሮ፣ የሶርን ፏፏቴ ፎቶ አንስቶ ቢመለስ ለያዮ ምን ቀረ? አቧራ! የአካባቢ ልጅ መንገድ ሲመራው፣ ማሩን ከንብ አርቢው ሲገዛ፣ ቡናውን እዚያው ቤት ተፈልቶለት ሲከፍል ግን ብሩ እዚያው ይዞራል።

ቢሆንም ቱሪዝም ብቻውን አይበቃም። ክረምት ሲገባና መንገዱ ሲጨቀይ እንግዳ ይቀንሳል፤ የቤት ወጪ ግን አይቀንስም። ዋናው ገቢ ቡናው ነው። እሱም ቢሆን ጥንቃቄ ይፈልጋል፤ ምርት ለመጨመር ሲባል የጥላ ዛፉ ከሳሳና ሥሩ ያለው ቁጥቋጦ በየዓመቱ ከተመነጠረ፣ ነገ ዛፍ የሚሆነው ችግኝም አብሮ ይታጨዳል። ቡናው እያለ ጫካው ያልቃል። መሃሉ ያልተነካ ቀጠና የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

ወደ ያዮ ከሄዳችሁ ታዲያ ቡናውን ከባለቤቱ ጋር ቁጭ ብላችሁ ጠጡ። ስትነሱም ሒሳቡን እዚያው ክፈሉ፤ ቀጣዩን 74110 የሚያቆይልን እሱ ነውና።