አትላንታ የደረሰው ምንሽር

አትላንታ፦ ባለፈው ቅዳሜ ክላርክስተን የሚኖሩ አንድ ወዳጃችን «ኑ፣ ከአገር ቤት የመጣ እንግዳ ላሳያችሁ» ብለው ጠሩን። ሰባዎቹን የተሻገሩ የጎጃም ሰው ናቸው፤ ጋሼ እንላቸዋለን። ቡናው ጋራዥ ውስጥ ተፈልቶ ጠበቀን። እንግዳው ደግሞ አሮጌ አንሶላ ላይ የተጋደመ ምንሽር ሆኖ አገኘነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ በፍሎሪዳ የሚገኝ አንድ አስመጪ ኩባንያ ከኢትዮጵያ መጋዘኖች የወጡ አሮጌ ጠመንጃዎችን በብዛት ወደ አሜሪካ አስገብቶ ለሰብሳቢዎች ሸጧል። ወጨፎው፣ ቤልጅጉ፣ ምንሽሩ፣ በኮሪያ ዘመቻ ጊዜ የሚታወቀው ካርባይን ሳይቀር መጥቷል። በዚህ አገር ሕግ ሃምሳ ዓመት የሞላው ጠመንጃ የሰብሳቢ ዕቃ ይባላልና ገዢ አላጣም። ጋሼም ከጡረታ ገንዘባቸው ቆጥበው አንዱን ገዙ።

ምንሽር የምንለው ጣሊያኖች ካርካኖ የሚሉትን 6.5 ሚሊ ሜትር ጠመንጃ ነው። አሜሪካኖች ስሙን የሚያውቁት በሌላ ምክንያት ነው፤ ፕሬዚዳንት ኬኔዲ እ.ኤ.አ. በ1963 የተገደሉት በዚሁ ዓይነት ጠመንጃ ነበር። ለእኛ ግን በ1928 ዓ.ም. ወራሪው ተሸክሞት የመጣ፣ አርበኛው ማርኮ መልሶ የተኮሰበት ነው። ጎንደር ላይ የመጨረሻው የጣሊያን ጦር ኅዳር 1934 ዓ.ም. እጁን ሲሰጥም ብዙ ምንሽር አገር ውስጥ ቀርቷል።

ይሄኛው መልኩ አይለይም። የመጋዘን ቅባቱ ከአቧራ ጋር ተጋግሮ እንደ ቅራሪ ሰም ጠቁሯል። ጋሼ መጀመሪያ ጥይት እንደሌለበት ደጋግመው አዩ። ከዚያ ምላጩን ይዘው ቃታውን ወደ ኋላ ስበው አወጡት። የጋራዡን በር ከፈቱ፤ ማጽጃው ሚኒራል ስፒሪት ሽታው ያዞራል፣ እሳትም ይወዳል። ብረት ብረቱን ነክረው በጥርስ ብሩሽ ፈተጉት። በርሜሉን በዘንግና በጨርቅ ሲወለውሉ የመጀመሪያዎቹ ጨርቆች እንደ ከሰል ጠቁረው ወጡ። አሥረኛው ላይ ጠመዝማዛው የበርሜሉ ቦይ ታየ።

እንጨቱ ሌላ ጣጣ ነው። እንጨት አይነከርም። የአትላንታ የሐምሌ ፀሐይ ግን ነፃ ምድጃ ነው። በጥቁር ፌስታል ጠቅልለው መኪና መንገዱ ላይ አሰጡት፤ ከአንድ ሰዓት በኋላ እንጨቱ ቅባቱን ያልበው ጀመር። እየጠረግን ስንሄድ በምስማር የተመታ የቆርቆሮ ጥጋን፣ ከዚያ የደረቀ የከብት ቆዳ እሥር ወጣ። ከሥሩ ደግሞ በቢላ የተቀረጸ አንድ ፊደል፤ «ገ»።

እዚሁ የተወለደው የጋሼ ልጅ የአሸዋ ወረቀት ይዞ ቀርቦ ነበር። «ተው!» አሉት። እኛም ደነገጥን፤ በዚያ ድምፅ ሲናገሩ ሰምተናቸው አናውቅም።

በርሜሉ ላይ አስመጪው በሕግ የሚገደድበት ማኅተም አለ። የአስመጪው ስምና ከተማ፣ የተሠራበት አገር ጣሊያን። ኢትዮጵያ የሚል ቃል የለበትም፤ ሕጉ የሚጠይቀው የተሠራበትን እንጂ የተዋጋበትን አገር አይደለም። የእኛ የሆነው ያቺ ፊደልና ቆርቆሮው ብቻ ናቸው።

ጋሼ አባታቸው አርበኛ ነበሩ። በደርግ ዘመን መሣሪያህን አስረክብ ተብለው ምንሽራቸውን ቀበሌ ወስደው ደረሰኝ ተቀበሉ። «ይሄ የእሳቸው ነው አላልኩም» አሉን ቡናውን እየቀዱ፤ «የአባቴ ስም በ ‹ገ› አይጀምርም። ግን የአንዱ አባት ነው። ማን ሸጠው?»

ጥያቄው ወደ እኛ የዞረ መሰለን። እኛ በመንግሥት ጋዜጣ አዘጋጅ ሳለን «ሕገወጥ መሣሪያ ተሰበሰበ» የሚል ዜና በእጃችን አርመን ስንት ጊዜ አሳልፈናል። ቁጥሩ በፊደልና በአኀዝ መመሳሰሉን እናይ ነበር። ከየገበሬው ቤት የወጣው ብረት የት እንደሚገባ፣ የባለቤቱ ስም ማን እንደሆነ አንድ ቀን ሪፖርተሩን ጠይቀን አናውቅም። ብንጠይቅ ዜናው አይወጣም ነበር፤ ይህም እውነት ነው። ለጋሼ ይህንን ነገርናቸው። ዝም ብለው ሰሙን።

«ይተኮስበታል?» አለ ልጁ። አይተኮስም። የጥይት ቤቱን ጠመንጃ ሠሪ ሳይለካው አሮጌ ምንሽር መተኮስ ፊትን ለአደጋ መስጠት ነው። ጋሼ ብረቱን በስሱ ዘይት ቀቡት፤ እንጨቱን ግን ገና አልጨረሱም። ስንወጣ «ገ»ን ሳይነኩ ዙሪያዋን በጥርስ መጎርጎሪያ ሲያጸዱ ትተናቸው ሄድን።