ኩርባ ላይ የሚፈተን የበጋ ጎማ

የጎማ ፈታሾች ደጋግመው የሚመላለሱበት ሜዳ አስፋልት ላይ የተሠመረ አንድ ትልቅ ክብ ነው። አሜሪካ ውስጥ የተለመደው ክብ ዲያሜትሩ 91 ሜትር ገደማ ይሆናል። ሾፌሩ መሥመሩን ሳይለቅ ፍጥነቱን ቀስ በቀስ ይጨምራል፤ ጎማው አልይዝ ብሎ መኪናውን ወደ ውጭ እስኪለቀው ድረስ። የመኪናውን ክብደት 90 በመቶ የሚያህል የጎን ኃይል የሚችል ጎማ እዚያ ላይ በሰዓት 72 ኪሎ ሜትር ያህል ያስኬዳል። ሙሉ ክብደቱን የሚችለው ደግሞ 76 ይደርሳል። አራት ኪሎ ሜትር ትንሽ ትመስላለች። በ76 ወደዚያው ኩርባ የገባ ደካማ ጎማ ግን መንገዱን ስቶ ይወጣል።

ይህን ሁሉ ኃይል የሚሸከመው የእያንዳንዱ ጎማ መሬት የሚነካ ክፍል ከመዳፍ ብዙም አይሰፋም። ለስላሳው ላስቲክ በአስፋልቱ ጠጠሮች መካከል እየሰረገ ይነክሳል፣ በላያቸውም ይጣበቃል። መሪው ሲዞር ይህ ክፍል ይጠመዘዛል፤ ጎማው ያነጣጠረበትና መኪናው የሚሄድበት አቅጣጫም በጥቂት ዲግሪ ይለያያሉ። ልዩነቱ ሲሰፋ የመያዝ ኃይሉ ያድጋል፣ ጣሪያው ላይ ከደረሰ በኋላ መውረድ ይጀምራል። ጎማን ከጎማ ሳነጻጽር ከሁሉ በፊት የማየው ይህንን አወራረድ ነው። ቀስ እያለ የሚለቅ ጎማ ሾፌሩ መሪውን ለማስተካከል ጊዜ ይሰጠዋል፤ ድንገት የሚለቅ ግን ጣሪያው የቱንም ያህል ከፍ ቢል በተራ መንገድ ላይ አደገኛ ነው።

ሁለት የበጋ ጎማዎችን፣ ሚሼሊን ፓይለት ስፖርት 4ኤስንና ዮኮሃማ አድቫን ኤ052ን እንውሰድ። በአሜሪካ ሕግ ጎናቸው ላይ የሚጻፈው የዕድሜ መለኪያ ቁጥር ለመጀመሪያው 300፣ ለሁለተኛው 200 ነው፤ ቁጥሩ ባነሰ መጠን ጎማው ቶሎ ያልቃል ተብሎ ይታሰባል። ኤ052 እጅግ የሚጣበቅ ላስቲክ ስላለው በአውቶክሮስ፣ ማለትም በሰፊ ሜዳ ላይ በተደረደሩ ኮኖች መካከል ተራ በተራ ሰዓት እየተያዘ በሚሮጥበት ውድድር፣ ብዙዎች ይመርጡታል። ሙቀት ሲበዛበት ይዳከማልና ተወዳዳሪዎቹ በየዙሩ መካከል ውሃ ይረጩበታል። 4ኤስ ለዕለት መንገድና ለዝናብ ጭምር የተሠራ ነው።

ገዢን የሚያሳስተው እዚያው ጎማ ላይ የተጻፈው የመያዝ ደረጃ ነው። 4ኤስ ከፍተኛውን ድርብ ኤ ሲያገኝ ኤ052 ነጠላ ኤ ብቻ ነው ያለው። በደረቅ ኩርባ ላይ ግን የሚበልጠው ባለ ነጠላው ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው፦ ያ ፊደል የሚለካው በእርጥብ አስፋልትና ኮንክሪት ላይ ቀጥ ብሎ ፍሬን በመያዝ እንጂ በመታጠፍ አይደለም። የዕድሜ ቁጥሩንም የሚሰጠው አምራቹ ራሱ ስለሆነ የሁለት ኩባንያዎችን ቁጥር ጎን ለጎን አስቀምጦ መፍረድ አያስተማምንም።

ታማኝ ንጽጽር በአንድ መኪና፣ በአንድ መጠን፣ በተስተካከለ የጎማ ንፋስ ይደረጋል። ቀኑ ሲገፋ አስፋልቱ ስለሚሞቅ መጀመሪያ የተፈተነው ጎማ መጨረሻ ላይ እንደገና ይገጠማል፤ ያለዚያ የፀሐይዋን ሥራ ለጎማው እንሰጣለን።

ቅዝቃዜም እንዲሁ ውጤቱን ይገለብጣል። ሙቀቱ ከ7 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲያንስ የበጋ ላስቲክ ይጠጥራል። ዋሽንግተንና አካባቢው ያሉ ወገኖቻችን በክረምት እንዲህ ያለውን ጎማ አውልቀው ሌላ ሊገጥሙ ይገባል፤ በከባድ ብርድ መኪናውን ማንቀሳቀስ ብቻ እንኳ ላስቲኩን ሊሰነጥቀው እንደሚችል አምራቾች ያስጠነቅቃሉ።

ያገለገለ ጎማ የሚገዛ ሰው ደግሞ ጎኑ ላይ ያሉትን አራት የምርት ቀን አኃዞች ያንብብ። 2319 ማለት በፈረንጆቹ 2019 በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። ጥርሱ ሙሉ ቢሆንም ላስቲኩ በዓመታት ብዛት ይደርቃል፣ ኩርባ ላይም እንደ አዲሱ አይነክስም።