ካምፕ ስንወጣ እባቡን የሚጠራው ማነው?

በቅርቡ ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ለአዳር ከወጣ የሃይኪንግ ቡድን ጋር ነበርን። ማታ ሁለት ሰዓት ገደማ አንዱ ልጅ ከማደሪያው ጎጆ ጀርባ ካለው ክምር እንጨት ሊያነሳ እጁን ሲዘረጋ «ፍስስስ» የሚል ድምፅ ሰማ። የስልኩን መብራት ሲያበራ፣ ከእጁ አንድ ክንድ በማይሞላ ርቀት ላይ ወፍራም እፉኝት ተጠቅልላ ተኝታለች። ልጁ ምንም አልሆነም። እንቅልፍ የወሰደው ሰው ግን አልነበረም።

ይሄ ሁሉ ጫካ እያለ ለምን እኛ ጋ መጣች?

ነገሩ የሚጀምረው ከእራታችን ነው። ሰው በሚያድርበት ቦታ የዳቦ ፍርፋሪ፣ ቆሎ፣ ፓስታ ይወድቃል። እሱን ፍለጋ አይጥ ይመጣል፣ አይጡን ፍለጋ ደግሞ እባብ። የድንጋይ ካብና የእንጨት ክምር ለሁለቱም መደበቂያ ነው። ስለዚህ ድንኳን ዙሪያ ነጭ ሽንኩርት ከመበተን (አዎ፣ እኛም አድርገነው እናውቃለን) ምግቡን በሚከደን ዕቃ መያዝና ቆሻሻውን ይዞ መመለስ ይሻላል።

አብዛኛው እባብ የእግራችን ንዝረት በመሬት በኩል ሲደርሰው ቀድሞ ይሸሻል። ፈረንጆቹ ፓፍ አደር የሚሏት እፉኝት ግን እንደዚያ አይደለችም። መልኳ ከአፈርና ከደረቅ ቅጠል ጋር ስለሚመሳሰል፣ በመደበቋ ተማምና ዝም ብላ ትተኛለች። አፍሪካ ውስጥ ብዙ ሰው የምትነድፈው ስለምትረገጥ ነው። በዚያ ላይ የምትንቀሳቀሰው በአብዛኛው ማታ ነው። እና በጨለማ፣ በነጠላ ጫማ፣ ያለ ባትሪ ሽንት ቤት መሄድ የለም! ጫማችሁን ጠዋት ሳታራግፉ አታድርጉ፣ የድንኳኑን ዚፕም ክፍት አትተዉ።

ከነደፈችስ? እዚህ ላይ ቀልድ የለም። በምላጭ መብጣት፣ መርዙን በአፍ መምጠጥ፣ በገመድ ጥብቅ አድርጎ ማሰር ጉዳቱን ያብሳል። ብዙ ቦታ የሚታመንበት ጥቁር ድንጋይም መርዝ አያወጣም፤ ሰዓት ነው የሚበላው። እጅ ወይም እግር ስለሚያብጥ ቀለበት፣ ሰዓትና ጫማ ቶሎ ይውለቅ። የተነደፈውን አካል እንደተሰበረ አጥንት ሳይንቀሳቀስ ደግፋችሁ፣ ሰውየውን ሳታስኬዱ ተሸክማችሁ ወደ ሆስፒታል ውሰዱት። እባቡን ለመግደል አታሳድዱ፤ ሁለተኛ ተነዳፊ ነው የምታመጡት።

ችግሩ የመርዙ ማርከሻ ሁሉም ጤና ጣቢያ አይገኝም። ስለዚህ ከመውጣታችሁ በፊት በአቅራቢያው ወዳለ ሆስፒታል ደውላችሁ «አላችሁ ወይ?» በሉ። አስጎብኚው መኪና ከሌለው ደግሞ ማን በስንት ሰዓት ሊደርስ እንደሚችል ቀድማችሁ ጠይቁት።

የዓለም ጤና ድርጅት በእባብ መነደፍን ችላ ከተባሉ በሽታዎች ዝርዝር ያስገባው በ2017 እ.ኤ.አ. ነው። በግምቱ መሠረት በዓለም ላይ በየዓመቱ ከ81,000 እስከ 138,000 ሰው ይሞታል። አብዛኛው ደግሞ እንደኛ ለመዝናናት የወጣ አይደለም። መተማና ሁመራ አካባቢ ሰሊጥ ለማጨድ ሄደው ሜዳ ላይ የሚያድሩ የቀን ሠራተኞችን አስቡ። እኛ ዚፕ ያለው ድንኳን አለን።

ያቺ እፉኝት ጠዋት ቦታዋ ላይ አልነበረችም። ክምሩን በረዥም ዱላ ስናነሳው ከሥሩ ሁለት የአይጥ ጉድጓድ አገኘን፤ አፋቸው ላይ የትናንቱ ፓስታ አለ።