ሒሳቡን ሳይዘጉ መብራት ማጥፋት

የሽያጭ ፕሮግራም የሚገዛ ነጋዴ ስለ መዝገቡ አዘጋግ ምን መጠየቅ አለበት?

ነጋዴ ማታ ሱቁን የሚዘጋው በሩን በመቆለፍ ብቻ አለመሆኑ የታወቀ ነው። አስቀድሞ ገንዘቡን ይቆጥራል፣ የዕለቱን ሽያጭ ከደረሰኙ ጋር ያመሳክራል፣ በዱቤ የወጣውን በየስሙ ይመዘግባል፤ ቁልፉን የሚያነሳው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ይህን ዘልሎ የሚወጣ ባለ ሱቅ በማግስቱ ከደንበኛው ጋር «ከፍያለሁ፣ አልከፈልክም» በሚል ቢጨቃጨቅ የሚያቀርበው ሰነድ የለውም።

በአሁኑ ወቅት ይህ ደብተር በብዙ ሱቆች፣ መጋዘኖችና የኮሚሽን ቢሮዎች ወደ ኮምፒዩተርና ወደ ተንቀሳቃሽ ስልክ ተዛውሯል። የደብተሩ አዘጋግ ግን አብሮ አልተዛወረም። አንዳንዱ ማታ ሲወጣ የግድግዳውን ማብሪያ ማጥፊያ ተጭኖ ይሄዳል። ቀን ደግሞ መብራት በራሱ ጊዜ ይጠፋበታል። ለመሆኑ በዚያች ሰከንድ ገብቶ ያላለቀው ሽያጭ ወዴት ይሄዳል?

በፕሮግራሙ ሆድ ያለ መዝገብ

መረጃ የሚቀመጥበት ዳታቤዝ በሁለት መልክ ይገኛል። አንደኛው ባንኮችና ትልልቅ ድርጅቶች የሚጠቀሙበት፣ በተለየ ኮምፒዩተር ላይ ሌት ተቀን የሚሠራና የራሱ ተቆጣጣሪ ባለሙያ ያለው ነው። ሁለተኛው በራሱ በሽያጭ ፕሮግራሙ ሆድ ውስጥ የሚያድር ነው። ለብቻው የሚነሳ ወይም የሚተኛ ነገር የለውም፤ ፕሮግራሙ ሲከፈት ይከፈታል፣ ፕሮግራሙ ሲሞት አብሮ ይቆማል። ስለዚህም በሥርዓት የመዝጋቱ ኃላፊነት ፕሮግራሙን በጻፈው ባለሙያ ላይ ይወድቃል።

ከዚህ ሁለተኛ ወገን እጅግ የተሠራጨው ኤስኪውላይት የሚባለው ነው። ሪቻርድ ሂፕ የተባሉ አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ2000 ያወጡት ሲሆን፣ መነሻው ለአሜሪካ ባሕር ኃይል የጦር መርከብ ይሠራ የነበረ ሶፍትዌር ነበር። የተፈለገው ተቆጣጣሪ የማያስፈልገው መዝገብ ነው። ክፍያ አይጠየቅበትም፤ በአንድሮይድና በአይፎን ስልኮች ሁሉ ውስጥ ይገኛል። በስልክዎ የቤትና የመኪና ዝርዝር የሚይዙ ደላላ ከሆኑ፣ ስሙን ሰምተው ባያውቁም ደንበኛዎ ሳይሆኑ አይቀሩም።

ግማሽ ግብይት የለም

አንድ ጅምላ አከፋፋይ 50 ካርቶን ሳሙና በዱቤ ሰጠ እንበል። ፕሮግራሙ ሁለት ነገር ይጽፋል፤ ከመጋዘኑ 50 ካርቶን ይቀንሳል፣ በደንበኛው ስም ዕዳውን ይጨምራል። ከሁለቱ መካከል መብራት ቢጠፋ ሳሙናው ወጥቶ ዕዳው ሳይጻፍ ሊቀር ነው።

ይህ እንዳይሆን ሁለቱ ጽሕፈቶች እንደ አንድ ግብይት ይታሰራሉ። ፕሮግራሙ «ጀምሬያለሁ» ብሎ ይጀምርና መጨረሻ ላይ «አጽድቄያለሁ» ይላል። ባለሙያዎች ይህን ማጽደቅ ኮሚት ይሉታል። ከማጽደቁ በፊት የተቋረጠ ሁሉ እንዳልነበረ ይቆጠራል፤ ሁለቱም ይጻፋሉ ወይም ሁለቱም ይሰረዛሉ።

ኤስኪውላይት ይህን የሚያደርገው እንዲህ ነው። አንድን ገጽ ከመለወጡ በፊት የነበረውን ጽሕፈት ከዋናው ፋይል ጎን በሚያስቀምጠው የማስታወሻ ፋይል ላይ ይገለብጣል፤ ፋይሉ ጆርናል ይባላል። ከዚያ ዋናውን ይለውጣል። ሁሉ ሲያልቅ ማስታወሻውን ያጠፋዋል፤ የማጽደቁ ማኅተም ይህ ነው። መብራት በመካከሉ ከጠፋ ግን ማስታወሻው እንዳለ ይቀራል። በማግስቱ ፕሮግራሙ ሲከፈት ማስታወሻውን ያገኝና የድሮውን ጽሕፈት ወደ ቦታው ይመልሳል።

እንግዲህ የመብራት መጥፋት ብቻውን መዝገቡን ማበላሸት የለበትም ማለት ነው። ታዲያ ነጋዴው መረጃ የሚጠፋበት ከየት ነው? በአብዛኛው ከሰው እጅ ነው።

መዝጋት ማጽደቅ አይደለም

የመጀመሪያው ስህተት የፕሮግራም ጸሐፊው ነው። መዝገቡን መዝጋት ብቻውን የገባውን ሁሉ ያስቀምጣል ብለው የሚያስቡ አሉ። ነገሩ ተቃራኒው ነው። ያልጸደቀ ግብይት እያለ ኤስኪውላይትን «ተዘጋ» ቢሉት ያልጸደቀውን ይሰርዘዋል። ጠዋት የተጀመረ ግብይት እስከ ማታ ሳይጸድቅ ከቆየ፣ የቀኑ ሽያጭ በሙሉ በአንድ የመብራት መጥፋት ይጠፋል ማለት ነው። ሻጩ ግን ቀኑን ሙሉ በመስኮቱ ላይ ሲያየው ስለዋለ የተመዘገበ መስሎታል።

በተለይ ፓይተን በተባለው ቋንቋ ለሚጽፉ ይህ የታወቀ ወጥመድ ነው። በተለመደው አሠራሩ ጽሕፈት ሲጀመር ግብይቱን በራሱ ይከፍታል፤ የማጽደቁን ትእዛዝ ግን ከጸሐፊው ይጠብቃል። ግንኙነቱን «ዊዝ» በሚለው ትእዛዝ ያቀፈ ጸሐፊም ግብይቱ በመጨረሻው ይጸድቅለታል እንጂ መዝገቡ አይዘጋለትም። መዝጊያውን ለብቻ መጻፍ ይኖርበታል።

ሁለተኛው ስህተት የመዝጊያውን መልስ አለማንበብ ነው። አንድ ያላለቀ ጥያቄ፣ ለምሳሌ የዕቃ ዝርዝር እያነበበ ያለ መስኮት፣ ክፍት ሆኖ «ተዘጋ» ቢባል፣ የተለመደው የመዝጊያ ትእዛዝ 5 ቁጥር ያለውን «ሥራ ላይ ነኝ» የሚል መልስ ሰጥቶ ክፍት እንደሆነ ይቀራል። መልሱን ያላነበበ ፕሮግራም ዘግቻለሁ ብሎ ይሄዳል። እ.ኤ.አ. በ2012 የመጣው ሁለተኛው የመዝጊያ ዓይነት ደግሞ እሺ ይላል፤ ነገር ግን በእርግጥ የሚዘጋው የመጨረሻው ጥያቄ ሲያልቅ ነው።

ትክክለኛው ቅደም ተከተል አጭር ነው። በመጀመሪያ አዲስ ሽያጭ መቀበል ይቆማል። ቀጥሎ በእጅ ያለው ግብይት ይጸድቃል ወይም ይሰረዛል። ከዚያ የተከፈቱት ጥያቄዎች በሙሉ ይጠናቀቃሉ። ቀጥሎ መዝጊያው ይታዘዛል፣ መልሱም ይነበባል። ፕሮግራሙ የሚወጣው ከዚህ በኋላ ነው።

ጎን ለጎን ያሉት ፋይሎች

ሦስተኛው ስህተት የባለ ሱቁ ወይም የጥገና ባለሙያው ነው። ከዋናው ፋይል ጎን የተገኘውን የማስታወሻ ፋይል «ትርፍ ነው» ብሎ ማጥፋት። ያ ፋይል የተቋረጠውን ግብይት የሚጠግነው ብቸኛ ማስረጃ ነው። እርሱ ከጠፋ ግማሽ የተጻፈው መዝገብ ግማሽ እንደሆነ ይቀራል።

እ.ኤ.አ. በ2010 ደግሞ ኤስኪውላይት ሌላ አሠራር ጨመረ፤ ዋል ይባላል። በዚህ አሠራር አዲሱ ጽሕፈት ወደ ዋናው ፋይል በቀጥታ አይገባም። በጎን ባለ የውሎ መዝገብ ላይ ይጻፍና ቆይቶ ወደ ዋናው ይዛወራል። ካልተለወጠ በስተቀር ማዛወሩ የሚጀመረው የውሎ መዝገቡ 1000 ገጽ ሲደርስ ነው። የመጨረሻው ተጠቃሚ በሥርዓት ሲዘጋም የቀረው ሁሉ ተዛውሮ የውሎ መዝገቡ ይጠፋል።

የዚህ ትርጉም ለነጋዴው ግልጽ ነው። ፕሮግራሙ ክፍት እያለ ዋናውን ፋይል ብቻ በፍላሽ ገልብጦ ወደ ቤት የሚሄድ ሰው፣ የዛሬውን ሽያጭ ሱቅ ትቶ የትናንቱን ይዞ ሊሆን ይችላል። የሚገለብጥበት ሰዓት ከማዛወሩ ጋር ከተገጣጠመ ደግሞ የያዘው ቅጂ የማይከፈት ሊሆን ይችላል። ፕሮግራሙ በሥርዓት ተዘግቶ ከተገለበጠ ግን አንድ ፋይል ብቻ ይበቃል። ሳይዘጉ ለመገልበጥ ኤስኪውላይት ራሱ ያዘጋጀው የመጠባበቂያ ቅጂ ትእዛዝ ስላለ ጸሐፊው በፕሮግራሙ ላይ አንድ ቁልፍ እንዲያወጣልዎ መጠየቅ ይገባል።

ስህተት የሚመስል የምስራች

በጃቫ ቋንቋ በተጻፉ የሒሳብ ፕሮግራሞች ውስጥ ደርቢ የተባለ ሌላ ዳታቤዝ ሊያጋጥም ይችላል። አይቢኤም እ.ኤ.አ. በ2004 ለአፓቺ ድርጅት የሰጠው ነው። የደርቢ አዘጋግ ሰውን ግራ ያጋባል። በትክክል በተዘጋ ጊዜ ለፕሮግራሙ የስህተት መልእክት ይልካል። ሁሉም ሲዘጋ ኤክስጄ015፣ አንዱ መዝገብ ብቻ ሲዘጋ 08006 የሚል ቁጥር ይዞ ይመጣል።

ይህን የማያውቅ ጸሐፊ መልእክቱን ሲያይ ደንግጦ የመዝጊያውን ትእዛዝ ይሰርዛል። አለዚያም ስህተቶችን ሁሉ ጭጭ አሰኝቶ እውነተኛውንም አብሮ ይደብቃል። ትክክሉ እነዚህን ሁለት ቁጥሮች እንደ ስኬት ቆጥሮ ሌላውን ሁሉ እንደ ችግር መመዝገብ ነው። ደርቢ ሳይዘጋ ቢቀር በሚቀጥለው አከፋፈት ራሱን ለመጠገን ይሞክራል፤ ስለዚህ ፕሮግራሙ በማግስቱ ጠዋት ለመነሳት ይዘገያል። ደንበኛ ተሰልፎ ሳለ «ኮምፒዩተሩ አረጀ» የሚባለው አንዳንዴ ትናንት ማታ ያልተዘጋ መዝገብ ነው።

ስልክ ሲሆን

በስልክ ላይ ነገሩ ትንሽ ይለያል። ስልኩ ማስታወሻ ሲያጥረው ከጀርባ ያለውን ፕሮግራም ያለ ማስጠንቀቂያ ሊገድለው ይችላል። ስለዚህ ጥሩ የስልክ ፕሮግራም «ሲዘጋ አስቀምጣለሁ» አይልም፤ እያንዳንዱን ምዝገባ ወዲያው ያጸድቃል። ደላላው ይህን በቀላሉ መፈተን ይችላል። አንድ የሙከራ ምዝገባ አስገብቶ ፕሮግራሙን በኃይል መዝጋትና እንደገና ከፍቶ ማየት ነው።

ከመክፈልዎ በፊት የሚጠየቁ

የሽያጭ ወይም የመጋዘን ፕሮግራም የሚገዛ ሰው ስለ መልኩና ስለ ዋጋው ብዙ ይከራከራል። ቀብድ ከመስጠቱ በፊት እነዚህንም ቢጠይቅ ይጠቅመዋል።

1. እያንዳንዱ ሽያጭ የሚጸድቀው መቼ ነው? መልሱ «ደረሰኙ ከመታተሙ በፊት» መሆን አለበት። «ማታ ሲዘጋ» የሚል መልስ ከሰሙ ሌላ ሻጭ ይፈልጉ።

2. የ«ውጣ» ቁልፍ ሲጫን መዝጊያው እምቢ ቢል ፕሮግራሙ ያሳውቃል ወይስ ዝም ብሎ ይወጣል?

3. ፋይሉ ያለው በዚሁ ኮምፒዩተር ላይ ነው ወይስ በኔትወርክ በተጋራ ፎልደር ውስጥ? የዋል አሠራር በኔትወርክ በተጋራ ፎልደር አይሠራም። ሁለት ሦስት ኮምፒዩተር በአንድ መዝገብ የሚጽፉ ከሆነ መጀመሪያ የጠቀስነው ዓይነት ዳታቤዝ ያስፈልጋል።

4. መጠባበቂያ ቅጂው በፕሮግራሙ ቁልፍ ይወሰዳል ወይስ ፋይል በመገልበጥ? ቅጂውስ ተከፍቶ ተሞክሯል?

ከሁሉ የሚሻለው ግን መፈተን ነው። በመሞከሪያ ኮምፒዩተር ላይ 10 ሽያጭ አስገብተው፣ አሥራ አንደኛውን እያስገቡ ገመዱን ይንቀሉ። ሲከፈት አሥሩ በሙሉ ካሉና አሥራ አንደኛው ሙሉ ሆኖ ካለ ወይም ጨርሶ ከሌለ ፕሮግራሙ ደህና ነው። ዕቃው ተቀንሶ ዕዳው ካልታየ ገንዘብዎን በኪስዎ ያቆዩ።

ዩፒኤስም መግዛት ተገቢ ነው። የዩፒኤስ ጥቅሙ ግን ሽያጭ ለመቀጠል ሳይሆን፣ የተጀመረውን ጨርሶ በሥርዓት ለመዝጋት የሚበቁ ደቂቃዎችን መስጠቱ ነው። በርካሽ ፍላሽና በማስታወሻ ካርድ ላይ መዝገብ ማስቀመጥም አይመከርም። አንዳንዶቹ ጽሕፈቱን ሳያስቀምጡ «አስቀምጫለሁ» ስለሚሉ ከላይ የተነገረው ጥንቃቄ ሁሉ ይፈርሳል።

አደጋው ከደረሰስ? አስቀድመው ምንም አያጥፉ። ፕሮግራሙን ዘግተው በፎልደሩ ያሉትን ፋይሎች በሙሉ፣ የጎኖቹን ጭምር፣ ወደ ሌላ ቦታ ይገልብጡ። ጥገናው በቅጂው ላይ ይሞከር። ኤስኪውላይት ራሱን የሚመረምርበት ትእዛዝ አለው፤ ጤነኛ ከሆነ «ኦኬ» ብሎ ይመልሳል። ይህ «ኦኬ» ግን የፋይሉን አቋም እንጂ የሒሳብዎን ትክክለኛነት አይመሰክርም። የመጨረሻውን ቀን ሽያጭ ከደረሰኝ ጉርዱ ጋር ማመሳከር የባለ ሱቁ ሥራ ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ ጉርዱን አይጣሉ።