እግረኛን ከወንጀል የሚያሸሽ ካርታ

አቅጣጫ ጠቋሚ መተግበሪያ፣ ማለትም መንገደኛውን ካለበት ወደሚሄድበት የሚያደርሰውን ጎዳና አስልቶ የሚያሳይ የስልክ ፕሮግራም፣ ከርቀትና ከጊዜ ሌላ ወንጀልንም በስሌቱ ማስገባት ይገባዋል ወይ የሚለው ጥያቄ በተለይ በአሜሪካ ከአሥር ዓመት በላይ ሲያከራክር ቆይቷል። እ.ኤ.አ. በ2012 ማይክሮሶፍት የአየር ሁኔታን፣ የመሬት አቀማመጥንና የወንጀል አኃዝን አገናዝቦ ለእግረኛ መንገድ ለሚመርጥ ዘዴ የፈጠራ ባለቤትነት መብት ሲያገኝ፣ ዘዴው የድሆችንና የጥቁሮችን ሰፈር የሚያስገልል ነው የሚል ተቃውሞ ተነሣ፤ በ2014 በኒው ዮርክ የወጣውና ተጠቃሚዎች ያላማራቸውን ቦታ እየመዘኑ እንዲጠቁሙ ይጋብዝ የነበረው ስኬችፋክተር የተባለው መተግበሪያም በዘረኝነት ተወቅሶ ብዙም ሳይቆይ ቀረ።

የማስጠንቀቅ ደጋፊዎችም ጠንካራ ማስረጃ አላቸው። በ2015 በብራዚል ኒቴሮይ ከተማ በመኪና ይጓዙ የነበሩ አዛውንት ባልና ሚስት ዌዝ የተባለውን መተግበሪያ ተከትለው ታጣቂዎች ወደሚቆጣጠሩት ሰፈር በመግባታቸው ሚስትየዋ በጥይት ተገድለዋል፤ በተከታዩ ዓመትም ዌዝ በሪዮ ዴ ጃኔሮ ስለ አደገኛ አካባቢዎች የሚያስጠነቅቅ አገልግሎት ጨመረ። አደጋን እያወቁ ዝም ማለት ነውር በመሆኑ፣ መመርመር ያለበት ማስጠንቀቂያው የሚመሠረትበት መረጃና የሚጠቁመው ነገር ነው።

የፖሊስ መዝገብ የወንጀልን ሙሉ ገጽታ አያሳይም፤ የሚይዘው ለፖሊስ የተነገረውንና ፖሊስ ራሱ ተሰማርቶ ያገኘውን ብቻ ነውና። ተመራማሪዎቹ ክሪስቲያን ለምና ዊሊያም አይዛክ በ2016 ባሳተሙት ጥናት፣ የአሜሪካዋን የኦክላንድ ከተማ የአደንዛዥ ዕፅ ወንጀል መዝገብ ወንጀልን ለሚተነብይ ስልተ ቀመር፣ ማለትም ኮምፒውተር ደረጃ በደረጃ ለሚከተለው የስሌት ሥርዓት፣ ሲያቀርቡለት፣ የዕፅ ተጠቃሚዎች በከተማው ሁሉ ተሰራጭተው እንደሚገኙ እየተገመተ፣ ስልተ ቀመሩ ፖሊስን ደጋግሞ ያመላከተው በብዛት ጥቁሮችና ዝቅተኛ ገቢ ያላቸው ወደሚኖሩባቸው ሰፈሮች ነበር። እንዲህ ያለውን መዝገብ የሚወርስ መተግበሪያ አድልዎውንም አብሮ ይወርሳል፤ ይባስ ብሎም እግረኛው የሚያየው በስልኩ ላይ የተሰመረውን መስመር ብቻ ስለሆነ፣ የትኛው ሰፈር እንደተፈረደበትም ሆነ በምን ምክንያት እንደተፈረደበት አያውቅም።

ሌላው ጉዳት የሚደርሰው በራሱ በጎዳናው ላይ ነው። የከተማ ጉዳይ ጸሐፊዋ ጄን ጄኮብስ በ1961 ባሳተሙት መጽሐፍ እንዳስረዱት፣ የጎዳናን ሰላም በዋናነት የሚጠብቁት የነዋሪው፣ የባለሱቁና የአላፊ አግዳሚው ዓይኖች ናቸው፤ እግረኛ የራቀው ጎዳና ገበያውን ብቻ ሳይሆን ጠባቂዎቹንም ያጣል። በዋሽንግተን የዩ ስትሪትና የሾው አካባቢዎች፣ በ1968 ማርቲን ሉተር ኪንግ ሲገደሉ በተነሣው ሁከት ተቃጥለው ለአሥርት ዓመታት ከተዳከሙ በኋላ፣ ምግብ ቤትና ሱቅ እየከፈቱ ጎዳናውን መልሰው ካደመቁት መካከል ኢትዮጵያውያን ጎልተው ይታያሉ። ደንበኛን በዘዴ ወደ ሌላ መንገድ የሚያዞር ካርታ በዚያን ጊዜ ተስፋፍቶ ቢሆን ኖሮ፣ ቀድሞ የሚጎዳው እንዲህ ያለው ነጋዴ ነበር።

በ2013 በሕንድ ሥራ የጀመረው ሴፍቲፒን የተሻለ አካሄድ አሳይቷል። ይህ መተግበሪያ ነዋሪውን ከመፈረጅ ይልቅ መብራቱን፣ የእግረኛ መንገዱን፣ የትራንስፖርቱን ቅርበትና በቦታው የሚታየውን ሰው ብዛት ይመዝናል፤ በዴልሂም ብርሃን የጎደላቸውን ቦታዎች ለይቶ ለከተማው ባለሥልጣናት አቅርቧል። የተበላሸ መብራት ሊጠገን ስለሚችል፣ ይህ ዓይነቱ መረጃ እግረኛውን ሲጠቅም ነዋሪውንም ይጠቅማል።

ስለዚህ የመተግበሪያ ባለቤቶች መንገድ ሲያዞሩ ምክንያቱን፣ የመረጃውን ምንጭና ዕድሜ ለእግረኛው በግልጽ ሊነግሩት፣ ምርጫውንም ለእሱ ሊተዉለት ይገባል፤ የሰበሰቡትንም መረጃ መብራት ለመትከልና መንገድ ለመጠገን ሥልጣን ላለው አስተዳደር ያስረክቡ።