ፈረሱም ይኸው፣ ሜዳውም ይኸው፤ ጋጣውስ?

«ፈረሱም ይኸው፣ ሜዳውም ይኸው» የምንል ሰዎች ነን። ነገሥታቱን በፈረስ ስማቸው እንጠራለን፤ ቴዎድሮስን አባ ታጠቅ፣ ዮሐንስን አባ በዝብዝ፣ ምኒልክን አባ ዳኘው። የቤተ መንግሥቱን ፈረሶች የሚያዝ ሹም ባልደራስ ይባል ነበር፤ ማዕረጉ ቀርቶ ስሙ ዛሬ አዲስ አበባ ውስጥ የሰፈር መጠሪያ ሆኗል። ሜዳውን ሲጋልብ የዋለው ፈረስ ማታ ምን ላይ እንደሚተኛ ግን ሲነሳ ብዙም አልሰማሁም። እስቲ ዛሬ እናንሳው፤ የጋጣ ወለል ምን ይሁን? ምን ይነጠፍበት? ዕቃውስ ከመርካቶ ይገኛል?

ፈረስ ቆሞ ይተኛል ሲባል እውነት ነው፤ ግን ግማሽ እውነት ነው። የእግሩ ጅማቶች መገጣጠሚያውን ቆልፈው ስለሚይዙለት ጡንቻው ሳይደክም ቆሞ ያሸልባል። ሕልም የሚታይበት እንቅልፍ ሲመጣ ግን ጡንቻው ሁሉ ይላላልና ቆሞ አይሆንለትም፤ መጋደም አለበት። በቀን ግማሽ ሰዓት ገደማ ይበቃዋል። ያንን ለቀናት ካጣ ግን ቆሞ ሲያንቀላፋ ድንገት ጉልበቱ ይከዳዋል።

ወለሉ ሲረጥብ ወይም ሲያንሸራትት ፈረስ መጋደም ይፈራል። ተጋድሞ መነሳት ለእርሱ ከባድ ሥራ ነው፤ የፊት እግሮቹን ዘርግቶ፣ በኋላው ገፍቶ፣ በአንድ ጊዜ መነሳት ይኖርበታል። አንዴ ሊሾ ላይ ያዳለጠው ፈረስ ሁለተኛ ለመተኛት ያመነታል። ደፍሮ ቢተኛም ደረቁ ሲሚንቶ ክርኑንና የኋላ እግሩን መገጣጠሚያ ይልጠዋል። ይህ መላጥ እኛ አገር እንደ ቀላል የሚታለፍ አይደለም። ባለ ጋሪዎች «ንድፍት» የሚሉት፣ በወይና ደጋ ከተሞች የጋሪ ፈረስን ከሥራ የሚያስወጣው የፈንገስ በሽታ ወደ ሰውነት የሚገባው በቁስል በኩል ነው። ዝንብ ያዛምተዋል፤ ከፈረስ ፈረስ የሚዞር ዕቃም እንዲሁ።

ሌላው ጠላት ሽንት ነው። አንድ ትልቅ ፈረስ በቀን ወደ 10 ሊትር ይሸናል። ይህ ወለሉ ላይ ሲቀር ባክቴሪያዎች በውስጡ ያለውን ዩሪያ ወደ አሞኒያ ይለውጡታል፤ ጠዋት የጋጣው በር ሲከፈት ዓይን የሚያቃጥለው እርሱ ነው። እኛ ቆመን ስንገባ ትንሽ ይሸተናል፤ ተጋድሞ ያደረው ፈረስ ግን ሌሊቱን ሙሉ ከምንጩ አጠገብ ሲተነፍሰው አድሯል። ጋጣችሁን መመርመር ከፈለጋችሁ ቁጢጥ ብላችሁ አሽትቱ። እርጥበቱ ሰኮናንም ያበሰብሳል፤ በሰኮናው ሥር ያለው ባለ ሦስት ማዕዘን ለስላሳ ክፍል ይጠቁርና ይሸታል፤ ውሎ አድሮ ፈረሱ ያነክሳል።

ስለዚህ ምንጣፍ ከመግዛት በፊት ከምንጣፉ ሥር ያለውን ማየት ይቀድማል። እዚህ ላይ ሰዎች ሲሳሳቱ አያለሁ፤ ገንዘቡን ሁሉ ላዩ ላይ ያፈሳሉ። ጥቁር መረሬ አፈር ለሰኮና ልስልስ ነው፤ ግን ሽንቱን ይዞ ጭቃ ይሆናል፤ ፈረሱ በእግሩ ቆፍሮ ጉድጓድ ያወጣበታል። ሲሚንቶ ለማጠብ ይመቻል፤ ግን ይቀዘቅዛል፣ ያዳልጣል፣ ደረቅ ነው። ባለሙያ ስትጠሩ የሚያስበው ሲሚንቶ ብቻ ስለሆነ ጋጣው ሊሾ ሆኖ ይቀራል። እኔ ብሠራ ከታች ግንበኞች «ሬድ አሽ» የሚሉትን፣ ቢሾፍቱ አካባቢ ከኮረብታ የሚቆፈረውን ቀላል ቀይ ጠጠር አፈስሳለሁ፤ ቀዳዳ ቀዳዳ ስለሆነ ውሃ አይቋጥርም። ከላዩ ገረጋንቲ በደንብ አስጠቀጥቃለሁ። ወለሉን በየሜትሩ 1 ወይም 2 ሳንቲሜትር ወደ በሩ አዘነብላለሁ። ከዚያ በላይ ካዘነበለ ፈረሱ ሌሊቱን ቁልቁል ቆሞ ያድራል፤ ጅማቱም ይጎዳል።

አሁን ወደ ምንጣፉ። በውጭ አገር ለጋጣ ተብሎ የሚሠራው የጎማ ምንጣፍ ብዙ ጊዜ 1.22 በ1.83 ሜትር ስፋትና ወደ 19 ሚሊ ሜትር ውፍረት አለው፤ አንዱ ወደ 45 ኪሎ ይመዝናል። 3.66 ሜትር በ3.66 ሜትር ለሆነ ጋጣ ስድስት ይበቃል። ከላዩ ሻካራ ነው፣ እንዳያዳልጥ፤ ከሥሩ ቦይ ቦይ አለው፣ ሽንቱ እንዲወርድ። ይህ ግን 500 ኪሎና ከዚያ በላይ ለሚመዝን ፈረስ የታሰበ ነው። የእኛ የጋሪ ፈረስ አብዛኛውን ጊዜ 300 ኪሎ አይሞላም፤ 3 በ3 ሜትር ጋጣ ይበቃዋል፣ ሳሳ ያለ ጎማም ይሸከመዋል። ወፍራሙን ከውጭ ለማስመጣት መልፋት ለኔ ትርፉ አይታየኝም።

እንግዲህ መርካቶ። ገበያው በጣሊያን ወረራ ዘመን ከአራዳ ጊዮርጊስ አጠገብ ተነስቶ ዛሬ አዲስ ከተማ ወደምንለው ሲዛወር ስሙንም ከጣሊያንኛ ወሰደ፤ ትርጉሙ «ገበያ» ነው፤ «መርካቶ ገበያ» ስንል ገበያ ገበያ እያልን ነው። ውስጡ ግን ተራ ተራ አለው፤ ለጎማው ጎማ ተራ፣ ለእህሉ እህል በረንዳ። የጋጣ ምንጣፍ ተራ የለም። «የፈረስ ምንጣፍ» ብላችሁ ብትጠይቁ ወይ ይስቁባችኋል ወይ የኮርቻ ግላስ ያሳዩአችኋል። በስሙ ሳይሆን በቁሱ ጠይቁ፤ ቁሱም አሮጌ ጎማ ነው።

ጎማ ቀልጦ እንደገና አይቀረጽም። ቻርልስ ጉድይር እ.ኤ.አ. በ1839 ጎማን ከድኝ ጋር በሙቀት ማዋሃድን ካገኘ ወዲህ ጎማ በፀሐይ የማይልም፣ በብርድ የማይሰባበር ሆነ፤ በዚያው ግን መቅለጥ አቆመ። ያረጀ ጎማ ወይ ይፈጫል ወይ ይቆረጣል። መርካቶ የመረጠው መቁረጡን ነው። ስሙ ራሱ ጥያቄ በሆነው ምናለሽ ተራ የአሮጌ ጎማ ቆራጭ ቢላዋውን ውሃ እየነካ ጎማውን እንደ ሙዳ ሥጋ ይገፍፈዋል፤ በረባሶው፣ ማሰሪያው፣ ባልዲው ከዚያ ይወጣል። የጋጣ ምንጣፍ ከእርሱ እጅ የማይወጣበት ምክንያት የለም።

ችግሩ ሽቦ ነው። የዛሬው ጎማ መሬቱን በሚነካው ክፍል ሥር የብረት ሽቦ አለው፤ ጠርዙ ላይም ወፍራም ሽቦ ዙሪያውን ይዞራል። የከባድ መኪናው ደግሞ ጎኑ ጭምር ሽቦ ሊሆን ይችላል። ጎማው ሲበላ ሽቦው ብቅ ይልና ሰኮና ሥር ይገባል፤ የተኛ ፈረስ ሆድም ይወጋል። ስለዚህ ስትሄዱ ማግኔት ያዙ። ከተበላሸ ስፒከር የወጣ ይበቃል፤ እርሱም እዚያው ምናለሽ ተራ ይገኛል። ማግኔቱ ከያዘ ያንን ቁራጭ ተዉት፣ ሻጩ ምንም ቢምልላችሁ። የክር ጎማ የሆነውን ወይም ሽቦ የሌለበትን የትንሽ መኪና ጎን ምረጡ። የጎማ ቁራጭ ሌላም ዐመል አለው፤ ክብ ሆኖ የኖረ ስለሆነ ተዘርግቶ መተኛት አይወድም፤ ጫፉ ይቀለበሳል። ከባድ ነገር ጭናችሁ ለቀናት ፀሐይ ላይ አቆዩት፤ ዘይቱንም በሳሙና እጠቡ። በምስማር አትምቱ፤ ጫፍ ለጫፍ በጠንካራ ናይለን ገመድ ይሰፋ። ከዚህ ሁሉ የሚሻለው የድንጋይ መፍጫ ወይም የሲሚንቶ ፋብሪካ ማጓጓዣ የነበረ አሮጌ የጎማ ቀበቶ ነው፤ ሰፊ ነው፣ ጠፍጣፋ ነው፣ ብዙው በጨርቅ የተደራረበ ነው። ካጋጠማችሁ በማግኔት ፈትሹና ሳትከራከሩ ግዙ። ስታነጥፉ ከግድግዳው ጋር ጥቂት ሚሊ ሜትር ክፍተት ተዉ፤ ጎማ ሲሞቅ ይለጠጣል።

ምንም ቢረክስ የማይገዛ አለ። የቤት ምንጣፍ ሽንት ይጠጣል። ስፖንጅ በሳምንት ይበሰብሳል። ሸራና፣ ማዳበሪያ ባይይዝም «ማዳበሪያ» የምንለው የፕላስቲክ ጆንያ፣ ፈረስ ሲሰለቸው ይበላቸዋል፤ አንጀቱ ውስጥ ይቋጠራሉ።

ጎማ ከተነጠፈ በኋላም ጉዝጓዝ አይቀርም። ጎማ ያለሰልሳል እንጂ ሽንት አይመጥጥም፤ ፈረስም ሽንቱ እግሩ ላይ የሚፈናጠርበት ወለል ላይ መሽናት ይጠላል። የጤፍ ጭድ ምርጥ ነው፤ ግን መኖ ነው፣ ቤት መምረጊያም ነው፤ ተሻምተን የምንገዛውን ማንጠፍ ያሳዝናል፣ ፈረሱም አልጋውን ሲበላ ያድራል። የስንዴ ገለባ ይሻላል። ከእንጨት ቤት የሚገኝ ሰጋቱራ ብዙ ይመጥጣል፤ ቀለምና መድኃኒት ከነካው እንጨት እንዳልሆነና በጣም የላመ እንዳልሆነ ብቻ አረጋግጡ፤ ዱቄቱ ሳንባ ያስቸግራል። የቡና ገለባ ግን ቢሰጧችሁም አትውሰዱ። ካፌይን አለው፤ ፈረሱ ከበላው ይታመማል።

ጎማው ሲነጠፍ ጉዝጓዙ ይቀንሳል፤ ትርፉ እርሱ ነው። በየቀኑ ፋንድያውንና የረጠበውን ማውጣት፣ በየጊዜው ምንጣፉን አንስቶ ከሥሩ ማጠብ ግን የግድ ነው። ይህን የማያደርግ ሰው ባዶ ገረጋንቲ ቢይዝ ይሻለዋል፤ ምንጣፉ ሽንት መሸሸጊያ ይሆንበታልና።

ወደ መርካቶ ከመሄዳችሁ በፊት ጋጣውን በሜትር ለኩ፤ ቁጥሩን ጽፋችሁ ከማግኔቱ ጋር ያዙ። ሠርታችሁ ስትጨርሱ ደግሞ በማግስቱ ጠዋት የፈረሱን ጎን እዩት። ሰጋቱራ ተጣብቆበት ካገኛችሁ ተኝቷል።