ቀጥ የሚለው ኮምፒዩተርና የቤት እመቤቷ ደብተር

ጨርሶ የተበላሸ መሣሪያ ብዙ አያስቸግርም፤ ወይ ይጠገናል፣ ወይ ይጣላል። የሰውን ትዕግሥት የሚፈታተነው ሦስት ቀን በደኅና ሠርቶ በአራተኛው ቀን፣ ያውም ቤተሰቡ ዜና ሊሰማ በተሰበሰበበት ሰዓት፣ ቀጥ ብሎ የሚቆመው ነው። የመገናኛ ክፍል ባልደረቦቻችን ይህን ጠባይ ከሬዲዮኖቻቸው በሚገባ ያውቁታል። ዛሬ በቤተሰብ ዓምዳችን የምናነሣው ግን በጅቡቲ ከተማ፣ በአንድ ሳሎን ውስጥ የተመለከትነውን መሣሪያ ነው።

እንደሚታወቀው ሁሉ ከ1990 ዓ.ም. ወዲህ አብዛኛው የአገራችን የገቢና የወጪ ጭነት የሚያልፈው በጅቡቲ ወደብ በኩል ነው። በዚሁ ሥራ የተሰማሩ ወገኖቻችን ከነቤተሰቦቻቸው በዚያች ከተማ ይኖራሉ፤ የአገር ቤትንም መልክ የሚያዩት በዲሽ ነው። የጎበኘነው ቤተሰብ ኮምፒዩተሩን ከትልቅ ቴሌቪዥን ጋር አገናኝቶ፣ ቲዩነር የተባለውን የሳተላይት ሥርጭት መቀበያ ካርድ በውስጡ አስገብቶ፣ ፕሮግራም ያይበታል፣ ይቀዳበታልም። የመጨረሻ ልጃቸው የክርስትና በዓል የተቀረጸበት ፊልም የሚገኘውም በዚሁ ኮምፒዩተር ውስጥ ብቻ ነበር።

ሰኔ ሲገባ ኮምፒዩተሩ በተለምዶ «ስታክ አደረገ» የሚባለውን ጠባይ አመጣ። ጠጋኙ ዘንድ ሲወሰድ አንድ ጊዜ እንኳ ሳይቆም ዋለ። የሆነ ሆኖ ጠጋኙ «ቲዩነሩ ይለወጥ» ሲል ፈረደ። አባወራው ገንዘቡን ሊከፍሉ ሲነሡ ባለቤታቸው «ቆይ እስቲ፤ መቼ መቼ እንደሚቆም እንኳ መች አወቅን?» ብለው ከልጆቹ ደብተር አንዱን ወስደው ከቴሌቪዥኑ አጠገብ አኖሩት። በእኛ አስተያየት ከዚያ በኋላ የተደረገው ጥገና ሁሉ የተጀመረው በዚህች ንግግር ነው። ጠላት የት እንዳለ ሳያጠኑ መተኮስ ጥይት ማባከን መሆኑን ለሠራዊቱ አባላት መንገር አያሻንም፤ ዕቃ እየለወጡ ዕድል መሞከርም ከዚህ የተለየ አይደለም።

እመቤቲቱ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ቬንትሌተሩና ኤር ኮንዲሽነሩ መሥራት አለመሥራታቸውን፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የቆመው ምን እንደሆነ ይጽፉ ነበር። ይህ የመጨረሻው ነጥብ ሊሰመርበት ይገባል። ምስሉ ብቻ ደርቆ የኮምፒዩተሩ ሰዓት የሚሄድ ከሆነ፣ ጥፋቱ ከዲሹ፣ ከገመዱ፣ ከቲዩነሩ ወይም ከማሳያው ፕሮግራም ይፈለጋል። ሰዓቱም ማውዙም ቆመው፣ በኪቦርዱ ላይ «ካፕስ ሎክ» የሚለውን ሲጫኑ መብራቱ የማይለወጥ ከሆነ ግን የቆመው ኮምፒዩተሩ ራሱ ነውና ሙቀት፣ የኤሌክትሪክ ኃይልና ሜሞሪ ይመረመራሉ።

በሦስት ሳምንት ውስጥ አሥራ አንድ ጊዜ ቆመ። ስምንቱ ከቀኑ 8 እስከ 11 ሰዓት ባለው ጊዜ፣ ለቁጠባ ሲባል ኤር ኮንዲሽነሩ በሚጠፋበት ሰዓት የደረሱ ሲሆኑ፣ በስምንቱም ጊዜ የቆመው ኮምፒዩተሩ በሙሉ ነበር። አገር ቤት ዝናብና ጭቃ በሚሆንበት በሐምሌ ወር የጅቡቲ ሙቀት ከ40 ዲግሪ ያልፋል፤ ካምሲን የተባለውም ደረቅ ነፋስ አቧራውን ይዞ ይገባል። ከባሕሩ የሚመጣው ጨዋማ እርጥበት ሲጨመርበት አቧራው ከማራገቢያውና ከብረቱ ላይ እንደ ሊጥ ይጣበቃል። በኃይል ሰጪው ክፍል ውስጥ የሚገኙት ካፓሲተር የተባሉ ትናንሽ ዕቃዎች፣ በግምት ሙቀቱ በ10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር ዕድሜያቸው በግማሽ ያጥራል። ቲዩነሩም ብዙውን ጊዜ የራሱ ማራገቢያ የለውም።

ኮምፒዩተሩ የተቀመጠው በቴሌቪዥን ቁም ሣጥን ውስጥ፣ በሩ ተዘግቶ ነበር። በላዩ ላይ ደግሞ እመቤቲቱ ራሳቸው የሠሩት ዳንቴል ተነጥፎ የአየር መውጫውን ሸፍኖታል። ይህን ሲነግሩን ሳቃቸውን መያዝ አልቻሉም። ዳንቴሉ ተነሣ፤ ከሣጥኑም ወጥቶ ከግድግዳው አንድ ክንድ ያህል ራቀ። ከዚያ በፊት ግን የክርስትናው ፊልም ወደ ሌላ ዲስክ ተገለበጠ። የሚቆም ኮምፒዩተር ዲስኩም የታመመ ሊሆን ስለሚችል መጀመሪያ የሚተርፈውን ማትረፍ ተገቢ ነው። ቀጥሎም ሶኬቱ ተነቅሎ፣ ማራገቢያው እንዳይሽከረከር በጣት ተይዞ አቧራው በለስላሳ ብሩሽ ተጠረገ። ኃይል ሰጪው ሣጥን ግን ከተነቀለ በኋላም ኤሌክትሪክ ይዞ ሊቆይ ስለሚችል ማንም በቤቱ እንዳይከፍተው አጥብቀን እናሳስባለን።

ኤሌክትሪክን ካነሣን፣ ከድሬዳዋ ጅቡቲ የሚደርሰው የ230 ኪሎቮልት መስመር እ.ኤ.አ. በ2011 ሥራ ከጀመረ ወዲህ የዚያች ከተማ መብራት በከፊል ከአገራችን ወንዞች የሚመነጭ መሆኑን ስንገልጽ ደስ ይለናል። ይሁን እንጂ ኃይሉ የቱንም ያህል ቢሆን የሰፈሩ ኤር ኮንዲሽነሮች ባንድነት ሲነሡ በየቤቱ ቮልቴጁ ሊወርድ ይችላል። ቤተሰቡ ስታቢላይዘር ስለነበረው ይህን ምክንያት ቶሎ አልፎታል።

የቀሩት ሦስቱ አደጋዎች የምስል ብቻ ነበሩ፤ ሦስቱም ነፋስ በበረታባቸው ቀናት የተመዘገቡ ናቸው። አባወራው ጣራ ላይ ወጥተው ሲያዩ ገመዱ ከዲሹ ራስ ጋር የሚገናኝበት ጫፍ በጨው ዝጎ አረንጓዴ ሆኗል። ጫፉ ተቆርጦ በአዲስ ተተካና ውኃ እንዳያስገባ ተጠቀለለ። ሊለወጥ የተፈረደበት ቲዩነር ዛሬም በቦታው አለ።

ደብተሩ ግን አልተዘጋም። በመስከረም አጋማሽ፣ ለጥቂት ቀናት በተከታታይ፣ ረፋድ ላይ ምስሉ ለጥቂት ደቂቃዎች ተቆራርጧል። እመቤቲቱ «ሰዓቱ ይሄዳል፤ ነፋስ የለም» ብለው ጽፈዋል። ቤተሰቡ የሚያየው፣ በ2012 ዓ.ም. የተጀመረው የኢትዮሳት ሥርጭት የሚመጣው በ57 ዲግሪ ምሥራቅ ካለው ሳተላይት ነው። በመስከረምና በመጋቢት ፀሐይ በትክክል ከሳተላይቱ በስተጀርባ የምታልፍባቸው ቀናት አሉ፤ ያን ጊዜ የፀሐይዋ የሬዲዮ ሞገድ የሳተላይቱን ይውጠዋል። ለዚህኛው ጠጋኝ አይጠራም፤ ፀሐይዋ እስክታልፍ ቡና ይፈላል።